ብርቄ የደበቀችው ጣሳ

የዚያን ቀን የነበርነው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ዳዊት፣ የጎረቤታችን ልጅ ማሙሽ እና ጓደኛዬ ብርቄ ነን። ትልቅ ሰው አብሮን አልነበረም። ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ ሳስበው መጀመሪያ የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

የሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከሐና ማርያም ወደ ፉሪ ሲኬድ ያኔ ጫካ ነበር። ዝናብ ሲያባራ የባሕር ዛፉ ሽታ ልብሳችን ላይ ያድራል። የጣሳ ፍለጋውን ጨዋታ ያመጣልን ፈረንጅ ቤት ዘበኛ የነበረው አጎቴ ነው፤ የፈረንጆቹ ልጆች ሲጫወቱት አይቶ። አንዱ ጣሳ ይደብቅና ምልክት ይነግራል፤ ሌሎቹ በጫካው መንገድ እየሄዱ ይፈልጋሉ። ያገኘ ሰው ጣሳው ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ማኅተሙን መትቶ ጣሳውን መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ደባቂውም ሲደብቅ የራሱን ይመታል። ማኅተማችንን ከአሮጌ ሸበጥ በምላጭ ቀረጽነው፤ ቀለሙ የተበጠበጠ ከሰል ነው። የእኔ አበባ ነበር። የብርቄ ወፍ ነበረች፤ ስትቀርጻት አንዱ እግር ተቆረጠባትና ባለ አንድ እግር ሆና ቀረች። ማኅተም ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም፤ ለጓደኛም አይሰጥም።

ደባቂው ወዴት እንደሄደ እንዳናይ ፊታችንን ወደ ዛፍ አዙረን እንቆም ነበር። ይህችን ከድብብቆሽ ወስደን የጨመርናት እኛ ነን። እኛ «ኩኩሉ!» ስንል ደባቂው «አልነጋም!» ይላል፤ ሲጨርስ «ነጋ!» ይለናል። ከዚያ በፊት የዞረ ከጨዋታው ይወጣል።

የዚያን ቀን ተራው የብርቄ ነበር። «ኩኩሉ!» አልን። «አልነጋም!» አለች፣ ከቅርብ። ደግመን ስንጠራ ድምጿ ራቅ ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ብንጠራ መልስ የለም። የሆነ የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት ቆራጮች መሰሉኝ።

«ልዙር?» አለ ዳዊት።

«ዙርና ፎርፌ ብላ!» አለው ማሙሽ። «አውቃ ነው ዝም ያለችው፣ ልታስዞረን። ብርቄ! ተነቅቶብሻል!»

ቅርፊቱ ግንባሬን እስኪያመኝ ተጭኜ ቆምኩ። መኪና ሲነሳ ሰማን። ያን ጊዜ ዞርኩ። መንገዱ ላይ አቧራ ብቻ ነበር።

እስኪመሻሽ ስሟን እየጠራን ፈለግናት። በመጨረሻ እያለቀስን እሷ ወደምትኖርበት ወደ አክስቷ፣ ወደ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ቆመው፣ «አባቷ መጥቶ ወሰዳት። ምን ያስለቅሳችኋል? በሉ፣ ወደየቤታችሁ!» አሉን። ብርቄ ስለ አባቷ አንድ ቀን አውርታልኝ አታውቅም። እናቴ፣ «አባት ከሆነ ለምን ከቤት አልወሰዳትም?» ብላ ጠየቀቻቸውና ተኳረፉ። እትዬ ዘነቡም ብዙ ሳይቆዩ ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ገባት። ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያው ጫካ ስለነበር አላስወጣ አለችኝ፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ።

በጋው ሲገባ ከእናቴ ጋር ለማገዶ ቅጠል ስንጠርግ አንድ ጉቶ ሥር ጣሳውን አገኘሁት። ወረቀቱ ላይ ባለ አንድ እግሯ ወፍ ተመታለች። ከወረቀቱ በታች ደግሞ ማኅተሟ ራሱ ተቀምጧል። እንደምትሄድ አውቃ ነው የተወችልኝ? ወይስ ሲጠሯት ደንግጣ እዚያው ረሳችው? ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን የምኖረው እዚያው አቅራቢያ፣ ለቡ ነው። ጫካው ቤት ሆኗል፤ ጉቶው የነበረበትን ቦታ ለይቼ ማሳየት አልችልም። ልጆቼ ድብብቆሹን የሚጫወቱት ግቢ ውስጥ፣ በሩ ተቆልፎ ነው። ተራው የእኔ ሲሆን ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር አልሆንልሽ ይለኛል። «እማዬ ታጭበረብራለች! እያየችን ነው!» ብለው ይጮኹብኛል። እውነታቸውን ነው። «አልነጋም» ብለው ትንሽ ዝም ካሉ፣ ጨዋታውን ትቼ በየስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ብርቄ በሕይወት ካለች እንደ እኔ አርባ ገደማ ሆኗታል። ማኅተሟ እኔ ጋ አለ። የምታውቋት ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።