ማይክ ዝም ያለች ጊዜ

ማይክ ያሏት የጸሎት ጓደኞቿ ናቸው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም፤ ግን እሱን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ልብስ ተኳሽ ናት። ታክሲ መውረጃው ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ሱቅ የሷ ናት። ስትገቢ እንፋሎቱ ፊትሽን ይልስሻል፤ ሸሚዞቹ መስቀያ ላይ ተሰልፈው እንደ ተማሪ ይጠብቃሉ፤ እሷ ከጠረጴዛው ኋላ ቆማ ካውያዋን እየገፋች ታወራለች። ካውያው ሳይሞቅ እሷ ትሞቃለች። ሸሚዙን ሊወስድ የገባ ሰው የሰፈሩንም ወሬ ይዞ ይወጣል፤ ለወሬው አታስከፍልም። ክፋት እንኳ የለባትም፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ። ነገር በሆዷ አያድርም እንጂ።

ስሙን ያገኘችው ግን በሱቁ አይደለም፣ በጸሎቱ ነው። ረቡዕ ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ። ሌሎቹ አንዳንድ ቃል ጣል አድርገው ይቀመጣሉ። ማይክ ስትነሳ ግን ወንበር ወደፊት ይሳባል፣ ያንቀላፋችው ትነቃለች።

«ጌታ ሆይ፣ ያቺን ባለ ሰማያዊ በር ጎረቤታችንን አስባት! አንተ ታውቃለህ፣ ባሏ በአጥር ዘሎ ነው የሚገባው! አንተ ታውቃለህ፣ ለምን በሩን እንደቆለፈችበት!»

እሱማ ያውቃል። ሴቶቹ ነበሩ የማያውቁት። «አሜን!» ይላሉ፣ ያውም ከልባቸው።

ማይክ አንድ ልጅ አላት፣ ሾፌር ነው። የሱ ሚስት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቁጥብ፣ ኮስተር ያለች፣ ቃል ካፏ በጠብታ የሚወጣ ልጅ ናት። ማይክ ስትወዳት ለጉድ ነው። «ልጄ ሎተሪ ወጣለት፣ እሷ ምስኪን ግን ምን ወጣላት?» እያለች ባለችበት ሁሉ ታወራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ይመጣሉ። ምራቷ «እማዬ፣ አለሽ?» ብላ ነጭ ጋዋኗን ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች፤ ማይክም እንደ ሙሽራ ልብስ ትተኩስላታለች።

ታዲያ ልጅቷ ፅንስ አልቆምላት አለ። የመጀመሪያው ወረደ፣ ሁለተኛውም ወረደ። ሁለተኛውን ለማይክ ብቻ ነገረቻት፤ ያውም ኩሽና ውስጥ፣ የቧንቧውን ውሃ ለቃ ድምፁ እንዲሸፍናት አድርጋ።

«እማዬ፣ ለማንም።»

«ልጄ ይሙት! ለማን ብዬ!»

እውነቷን ነው፣ ለማንም አልነገረችም። ለእግዜር ነው የነገረችው። ረቡዕ ከሰዓት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት፣ ቆማ፣ ማይኳን እስከ መጨረሻው ከፍታ።

በማግስቱ ምራቷ መድኃኒት ቤት ቆማ ስትሠራ አንዲት ሴትዮ የራስ ምታት ክኒን ገዛችና እጇን ጨበጥ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት። ቆየት ብሎ ሌላዋ መጣች፤ የሳል ሽሮፕ ገዛች፣ «እሱ ይካስሽ» ብላ ሄደች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትገዛ ዓይኗን እንባ ሞልቶት ስትቆም ልጅቷ ገባት።

«ማነው የነገራችሁ?»

«ኧረ የኔ እናት፣ ማንም አልነገረን! ጸለይንልሽ እንጂ!»

ቅዳሜ ልጇ ብቻውን መጣ፤ ፊቱ ካውያ እንዳልነካው ሸሚዝ ተጨማዷል።

«የታለች?» አለች ማይክ።

«አትመጣም።»

«አሟት ነው?»

«እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ምን አደረግኩ? ጸለይኩ! ጸሎት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?»

«በጆሮው ብትነግሪው ምን ነበረበት? እሱ እንደሆነ ደንቆሮ አይደለም!»

«አንተ! እናትህን ነው የምታፌዝባት?»

«አላፌዝኩም። ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትተኛው።»

ሲወጣ ማይክ በሩ ድረስ ተከተለችው። «ጋዋኗንስ? ልብሷንስ አታመጣልኝም?»

«ሌላ ቦታ ሰጥታለች።»

ከሁሉም ይቺ ናት አጥንቷ ድረስ የዘለቀችው። ሌላ ቦታ! የሷን ምራት ጋዋን ሌላ ሰው ሊተኩሰው!

ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ሥራዋ ራሷን መከላከል ሆነ። ሱሪ ሊወስድ ለመጣው ሁሉ «እስቲ አንተ ፍረድ፣ መጸለይ ኃጢአት ነው?» ትላለች። ሰውየው ሱሪውን ነው የሚፈልገው። ጮኸች፣ ተከራከረች፣ ብቻዋን ስትሆን ከካውያው ጋር ተሟገተች። አንድ ቀን ጠዋት አፏን ብትከፍት ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ የሚል ነገር ወጣ።

ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመብራት አየና «የድምፅ ጅማትዎ አብጧል፣ እናቴ» አላት። «ወር ሙሉ አንድ ቃል እንዳይወጣዎ።»

«እሺ፣ በሹክሹክታስ?» አለች በሹክሹክታ።

«እሱ ይብሳል።»

ሰፈሩ ጭር አለ። ጎረቤቷ ጫማ ጠጋኙ ብቅ ብሎ «እኔ እኮ መብራት የሄደ መስሎኝ!» አላት። አንዲት የልጆች ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ገዛች። «ሸሚዝ ነገ» ብላ ለመጻፍ አላቃታትም። ወሬ ግን በጠመኔ አይሆንም፤ «ሰማሽ ወይ» ብላ ጽፋ ቀና ስትል ሰሚዋ ታክሲ ተሳፍራለች።

የከበዳት ግን የቤቱ ነው። አመሻሽ ላይ እንደ ልማዷ አልጋዋ ሥር ተንበረከከች፤ አፏ ተከፈተ፣ የሚወጣ የለም። አሁን ምን ይባላል? ድምፄን ሲያጣው ሞታለች ብሎ ይተወኝ ይሆን? ብላ ሰጋች፣ እውነቷን ነው የሰጋችው። ዞር ዞር ብላ መጽሐፉን አየች።

ፊደሉ ትልልቅ የሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ዓይንሽ እንዳይደክም ብላ የገዛችላት ይህችው ምራቷ ናት። ማይክ ማንበብ የተማረችው ልጇን ከወለደች በኋላ፣ ማታ ማታ እየሄደች ነው፤ እስከ ዛሬም ፊደሉን በጣቷ እየገፋች ነው የምታነበው። መጽሐፉ ደግሞ እስከዚያ ቀን ሌላ ሥራ ነበረው፤ ከበድ ስለሚል ኮሌታ ይጫንበት ነበር።

መጀመሪያ እንደ አንሶላ ነው ያነበበችው። አንሶላ ምን አለው፣ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ እጥፍ፣ ቀጥል። አንድ ምዕራፍ ጨርሳ ምን አነበብሽ ብትባል «ብዙ ሰው ተወለደ፣ ብዙ ሰው ሞተ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። እንዲህ እንዲህ ስትል ነው አንዲት ሴትዮ ላይ የደረሰችው። ልጅ የሌላት ሴት ናት፤ ጣውንቷ ደጋግማ እየወለደች ታበሽቃታለች። ቤተ መቅደስ ገብታ እያለቀሰች ትጸልያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሽማግሌው ካህን መግቢያው ላይ ተቀምጦ አያትና ጠጥታ የመጣች መሰለው፤ ስካርሽ ይብረድልሽ ብሎ ተቆጣት።

ማይክ ብድግ አለች። እኔ እኮ ነኝ! ከንፈር አለ፣ ድምፅ የለ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ተበድላ መጽሐፍ ውስጥ የገባች መሰላት፤ ምራቷን በሆዷ «አየሽ!» አለቻት፣ መብራቱን አጥፍታ ተኛች።

በማግስቱ የሱፍ ሱሪ መጣ። ሱፍ እንደ አንሶላ አይደለም፤ ከሮጥሽበት ያብለጨልጭና ይበላሻል። እርጥብ ጨርቅ ታለብሺዋለሽ፣ ካውያውን ጫን ታደርጊያለሽ፣ ታነሺያለሽ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ትጠብቂያለሽ። ድሮ በመጠበቂያው ወሬ ነበረበት። አሁን ወሬ ስለሌለ ልቧ ወደ ሴትዮዋ ሄደ።

ቆይ እስቲ። ልጅ ያጣችው ማናት? እኔማ ይኸው ጎረምሳ ሾፌር ወልጃለሁ። ልጅ ያጣችውማ...

እዚህ ላይ ካውያውን ማንሳት ረሳች። ጨርቁ መጨስ ሲጀምር ነው የነቃችው።

እኔ ታዲያ የትኛዋ ነኝ? ጣውንቷ? ወይስ መግቢያው ላይ ተቀምጦ የሰው ከንፈር የሚቆጥረው ሽማግሌ?

ያን ቀን አመሻሽ መጽሐፉን እንደ ሱፍ አነበበችው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ጣቷን አንስታ ጥበቃ። እንደገና ያችኑ፣ እንደገና ጥበቃ። ያን ጊዜ ነው ትናንት ዘላው ያለፈችውን ያገኘችው። ሴትዮዋ «አልጠጣሁም፣ ልቤ አዝኖ ነው» ስትለው ሽማግሌው ተጸጸተ መሰል፤ በሰላም ሂጂ፣ የለመንሽውን ይስጥሽ ብሎ መርቆ ሸኛት። ምን እንደለመነች ግን አልጠየቃትም! ማይክ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወደ ፊት ገለጠች፤ ጥያቄ የሚባል የለም። እኔ ብሆን «ምን ሆነሽ ነው? ባልሽ ነው? ሐኪም ዘንድ ሄድሽ?» ብዬ አንጀቷን እንደ ኪስ ገልብጬ አራግፌው ነበር አለች በልቧ። ሽማግሌው ሳያውቅ «አሜን» አለ። ያም በቂ ሆነ።

ተንበረከከች። የምራቷን ፊት በሐሳቧ ከፊቷ አቆመች። ጌታዬ፣ ይህች ልጅ የምትልህን እኔ አላውቅም፤ የምትልህን ስጣት አለች፣ አለቀ። ሌላ የምትለው የላትም፤ ደግሞ ለመነሳት ገና ነው። ዝምታው መጀመሪያ እንደ ጠበበ ጫማ ቆነጠጣት። ቆይቶ ላላላት። እስከ ዛሬ እኔ ሳወራ እሱ መቼ ተራ አግኝቶ ብላ አሰበችና ሳቋ መጣ፤ ሳቁን ተከትሎ እንባ መጣ። እሱስ ምን አለሽ ተብላ ብትጠየቅ ምንም አላለኝም ነው መልሷ። ግን እንዲያ ተቀምጣ ሳለ ያቺ የቧንቧ ውሃ ትዝ አለቻት፣ ልጅቷ ድምፅ እንዲሸፍናት የለቀቀችው። እንዲያ ተደብቆ የተነገረኝን ነው አደባባይ ያወጣሁት አለች። ራሷን የምትከላከልበት አፍ አልነበራትም፣ አለመኖሩም ጥሩ ሆነ።

በየቀኑ እንዲያ ሆነች። ትንሽ ታነባለች፣ ትጠብቃለች፣ የምራቷን ፊት ታቆማለች፣ «የምትልህን ስጣት» ትላለች። የሰው ልብስ ስትተኩስም ለመደባት፤ የማን ሸሚዝ እንደሆነ ታያለች፣ የባለቤቱን ጉዳይ ሳታነሳ «የሚልህን ስጠው» ብላ ኮሌታውን ታዞራለች።

አንድ ከሰዓት የሱቁ በር ተከፈተና ምራቷ ገባች። ፊቷ ቅጭም ብሏል። ጋዋኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ደረቱ ላይ የካውያ ምላስ ቅርጽ ያለው ቡናማ ጠባሳ ተጋድሟል። ያ ሌላ ቦታ የተባለው ጉድ!

«ይለቃል ወይ፣ እትዬ?» አለች። «ካልለቀቀልዎትም ችግር የለም።»

እትዬ! ደግሞ አንቱታ! ከልጅ አፍ ሲመጣ ከስድብ ይብሳል። ማይክ ጠመኔዋን አነሳች። የሚጻፈው መዓት ነው፤ ማነው ያቃጠለው፣ እኔስ ምን ሆኜ ነው፣ ምነው ከስተሻል፣ ለምን ነው ፊትሽ የገረጣው። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። በመጨረሻ «ይቅርታ ልጄ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «ይለቃል»።

ልጅቷ አነበበችው። ተጨማሪ ይጻፍ እንደሆነ ጠበቀች። አልተጻፈም። ማይክ ሎሚ ቆርጣ ጠባሳውን አሸችው፤ ከዚያ ፀሐዩ የሚገባበት መስኮት ላይ ሰቀለችው።

«አይጠይቁኝም?» አለች ልጅቷ።

ማይክ ራሷን ነቀነቀች፣ አልጠይቅም እንደማለት። በርጩማዋን ስባ ሰጠቻትና ሥራዋን ቀጠለች። ልጅቷ ተቀመጠች። ካውያው እስስ ይላል፣ ውጭ ታክሲ ጠሪው ይጮሃል። ማይክ ሁለት ሸሚዝ ተኩሳ ሰቀለች።

«አሁን አለ» አለች ልጅቷ፣ መስኮቱን እያየች። «ሐኪሙ እስካሁን ደህና ነው ብሏል። ልጅሽና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።»

አንቱታው የት እንደገባ እንጃ። የማይክ ጉሮሮ ውስጥ እልልታ ተነስቶ ጥርሷ ጋ ደረሰ፤ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዓይኗ ብቻ አመለጣት።

የሐኪሙ ወር አለቀና ድምፅ ተመለሰ። የመጀመሪያዋ ረቡዕ የዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ሞልቶ ፈሰሰ። የወር ወሬ ተጠራቅሟል ብሎ ማን ይቀራል!

«እናንተ፣ ዛሬ ማይክ ተከፍታለች!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ኑ፣ ቅረቡ!»

በሩ አጠገብ ምራቷ ተቀምጣለች። እሷ እዚያ ቤት መጥታ አታውቅም። ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ማይክን ታያለች። ማይክም አይታታለች።

ማይክ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ወንበር ተሳበ።

«ጌታ ሆይ» አለች፤ ድምፁ እንደ ድሮው ቤቱን ሞላው። «ምራቴን...»

ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን አሰገገች። ልጅቷ ቦርሳዋን ጨበጠች።

«...የምትልህን ስጣት።»

ሴቶቹ ጠበቁ። ማይክ ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቆዩ። አንዷ ሳለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ ለሁሉ በሚሰማ ሹክሹክታ፣ «ምን ነካት? ጠጥታ ነው እንዴ የመጣችው?» አለች።

ማይክ ይቺን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት፣ በጸሎት መሀል! ከበሩም ወገን ሳቅ ተሰማ፤ ያቺ ቃል በጠብታ የሚወጣት ልጅ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። ሌሎቹ ምን እንደተሳቀ ሳይገባቸው «አሜን» አሉ።

ሲበተኑ ዳቦ ጋጋሪዋ ማይክን በእጅጌዋ ያዘቻት። «አንቺ፣ ምንድነው ነገሩ? ለኔ እንኳ?»

«ምኑ?» አለች ማይክ።

ውጭ ደረጃው ላይ ምራቷ ቆማ ትጠብቃለች። «እማዬ» አለች፣ «ነይ እስቲ፣ ቦርሳዬን ያዥልኝ። ከባድ ነገር እንዳልይዝ ተብያለሁ።»

ማይክ ቦርሳውን ተቀበለች። ባዶ ነው የሚመስለው፣ ቀላል ነው። በሁለት እጇ እንደ ከባድ ነገር አቀፈችውና ከልጅቷ ጎን ጎን፣ ቀስ እያለች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወረደች።