ከሁለት አንድ፣ ከሦስት አንድ

ተማሪዎቿ ዞር ስትልላቸው «ወይዘሮ ኤክስ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ ደብተር ስታርም ከቀይ እስክሪብቶዋ የሚያመልጥ ስህተት የለም። ልብስ ሰፊው ባሏ እንኳ «ደግሞ የእኔን ስፌት እንዳታርሚ» እያለ ይቀልድባታል።

በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ድምፅዋ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ «ለሁለት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ» አላት። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነላትም፤ ምዕራፉ ሳያልቅ ፈተና ደርሷል። ጠመኔዋን ይዛ ክፍል ገባች።

አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ እንዲደመር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ከኋላ ወንበር የምትቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ ከአስር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው የምታመጣው። መምህርቷ በልቧ «ይቺ እንኳ አይገባትም» ካለች ቆይታለች። ልጅቷ ወጥታ «ሁለት አምስተኛ» ብላ ጻፈች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ስህተት ነው፣ ተቀመጪ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። አሁን ግን መናገር የለም። መምህርቷ ቸገራትና ከመልሱ ጎን «እንዴት አገኘሽው?» ብላ ጻፈች።

ልጅቷ መጀመሪያ ጫማዋን ጫማዋን አየች። «ቲቸር፣ ጠዋት ኳስ ሁለቴ መትቼ አንድ አገባሁ። በእረፍት ደግሞ ሦስቴ መትቼ አንድ አገባሁ። አምስት መታሁ፣ ሁለት ገባልኝ። ከአምስት ሁለት ነዋ።»

መምህርቷ ቁጥሮቹን በልቧ ደገመቻቸው። ለኳሱ እንከን የሌለው ሒሳብ ነው፤ የተጠየቀችው ግን ሌላ ነበር። ይህችን መልስ ስንት ሺህ ጊዜ ሰርዛታለች! አንድም ቀን ከየት እንደመጣች ጠይቃ አታውቅም።

ከሥሩ ጻፈች፦ «ከአንድ ዳቦ ግማሹን፣ ከሌላ እኩል ዳቦ ደግሞ ሲሶውን ብትበዪስ?»

ልጅቷ ጣቶቿን አጣጥፋ ዘርግታ ብዙ አሰበች። «ግማሽ በልቼ ሌላ ስጨምርበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል? ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል… ይሄ እንደ ኳሱ አይደለም ለካ።»

ከደወሉ በፊት መምህርቷ ለሁሉም ቁራጭ ወረቀት አደለች። ማርክ የለውም፤ ለሰሌዳው ድምር መጀመሪያ ያሰቡትን መልስና እንዴት እንዳገኙት ብቻ ይጽፋሉ። መምህራን ክፍል ቁጭ ብላ ቆጠረች። ከአርባ ስምንቱ ሠላሳ አንዱ ሁለት አምስተኛ ብለዋል። የልጆቹን ሐሳብ እያነበበች ለራሷ ማስተማር ውጤት የተሰጣት መሰላት።

ቤት ገብታ ወረቀቶቹን ለባሏ አሳየችው። አነበበና «እኔም ሱሪው የጠበበው ደንበኛ ሲመጣ ወገቡን እንደገና እለካለሁ እንጂ ሰውየውን አልቆጣም» አላት። ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች።

በማግስቱ ያንኑ ትምህርት እንደ አዲስ ጀመረችው፤ እኩል ወረቀቶች እያስቀደደች፣ አምስት ስድስተኛው እስኪታያቸው ቁራጮቹን ጎን ለጎን እያስደረደረች። ድምፅዋ ከተመለሰ በኋላም የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የቁራጭ ወረቀት ሆነው ቀሩ። ያቺ ልጅ በሴሚስተሩ ፈተና ከአስር ስድስት አመጣች።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የልጅቷ ወረቀት ላይ ከመልሱ ሥር እንዲህ የሚል ተጨምሮበት ነበር፦ «ገብቶኛል። ግን በዜሮ ማካፈል የማይቻለው ለምንድን ነው?»

መምህርቷ ጥያቄውን ሁለቴ አነበበችው። ደንቡን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ምክንያቱን ግን ለልጅ እንዴት እንደምታስረዳ አስባበት አታውቅም ነበር። እስክሪብቶዋን ከድና እርሳስ አነሣች፤ ባዶ ወረቀት ላይም አንድ ዳቦ ሣለች።