ምሳ ሲቀርብ የሚከፈት በር

አያቴ በር ተዘግቶ እህል አይቀምሱም ነበር። ገጠር፣ መዘዞ ብቻቸውን ሲኖሩ እግራቸው ከዳቸውና ደብረ ብርሃን፣ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ኮንዶሚኒየሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን አንዴ ከወጡ በኋላ መውረድ አልቻሉም። ከሥራ መጥቼ ምሳ ሳቀርብ ግን፣ «በሩን ክፈቺው እንጂ! ጅብ እንኳ ዘግቶ አይበላም» ይሉኛል። ብርዱን ሳማርር፣ «የደረብሽው በርኖስ ምን ሠራ?» ብለው ይቆጡኛል።

ከዚያ በደረጃው የሚያልፈውን ሁሉ «ኑ፣ እንብላ!» እያሉ ይጣራሉ። ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ከሌላ አካባቢ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። «ብሉ፣ አባባ» ብለው ያልፋሉ። አያቴ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ድረስ የጠቀለሉትን ጉርሻ በእጃቸው ይዘው ይቆያሉ።

አንድ ቀን ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ «አንቺ ሥራ ስትውዪ ብቻቸውን ናቸው፤ አረጋውያን መጦሪያ ብናስገባቸውስ?» አለኝ። አያቴ ሰምተው አልተቆጡም።

«እዚያ ምሳ ሲቀርብ በሩ ይከፈታል?» አሉ።

ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሲሞቱ ጎረቤቶቼ ሁሉ ለቅሶ ደረሱ። «ብሉ» እያሉ ያልፉ የነበሩት ሰዎች በዚያ በር ገብተው፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ንፍሮ ዘገኑ። ቤቴ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

ትናንት ምሳዬን አቀረብኩና በሩን ከፈትኩት። «ኑ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ጎረቤቴ ደረጃውን ሲወርድ ብቻዬን መቀመጤን አየ። በሩን ረስቼው መስሎት፣ ብርድ እንዳይገባብኝ ቀስ አድርጎ ዘጋልኝ።