ውርጭ የመታው ደም

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ፣ የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን፣ ልጄን አምቦ እህቴ ዘንድ ትቼ ደጋው ላይ ወዳለችው ጎጆ ወደምትባል ከተማ ወጣሁ። አሥራ አንድ ወሯ ነበር፤ ወንበር ይዛ መቆም ጀምራለች። እህቴ በር ላይ ቆማ፣ «ነገ ማታ ብለሻል። ከዘገየሽ ያላንቺ ነው የምትራመደው» አለችኝ። ሳቅሁ። መኪናው ውስጥ ግን አልሳቅሁም።

ሥራዬ የኩፍኝ ጥናት ነበር። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ደም በሽታ የሚከላከል ኃይል ይዞ ይመጣል። ያ ኃይል በየወሩ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ያልቃል። ክትባቱ ከቀደመ የእናትየው መከላከያ ያከሽፈዋል፤ ከዘገየ ኩፍኙ ይቀድማል። እኛ የምንፈልገው መሐሉን ነበር። በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያኔ ግን ገና ጀማሪ ነበርሁ፤ ልጄንም ጡት ያስጣልኋት በዚያው ሳምንት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቤት ለቤት ዞሬ ከሕፃናት ደም ቀዳሁ። ደሙን ለማቀዝቀዝ የያዝነው በረዶ መንገድ ላይ ቀልጦ አልቆ ነበር። እንደ እኔ የአምቦ ልጅ የሆነው ሾፌራችን፣ «እዚህ አገር በረዶ ምን ያደርጋል፣ እህቴ? ደጅ አስቀምጪው» አለኝ። ልክ መሰለኝ። ሲመሽ ቱቦዎቹን ካደርንበት ቤት ደጅ፣ መደቡ ላይ ደረደርኋቸው።

ጠዋት ሁሉም ቀይ በረዶ ሆነው አገኘኋቸው። ደም ሲረጋ ቢጫ ውሃ ከላዩ ይለያል፤ የምንመረምረው እሱን ነው። ሳይለይ በረዶ ከሆነ ግን ሁሉም ተደባልቆ ይበላሻል። ይህን ተምሬዋለሁ። የጎጆን ውርጭ ግን አላውቀውም ነበር።

«ወደ አምቦ ልመልስሽ?» አለኝ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። «ተበላሸ ብለሽ ጻፊ። ማን ይቆጣሻል?»

ያኔውኑ ብንነሳ እኩለ ቀን ላይ ልጄን አቅፋታለሁ። ደርግ ጸሎት ቤታችንን ከዘጋው ወዲህ እንደለመድሁት ድምፅ ሳላወጣ ጸለይሁ። ከዚያ «እንቆያለን» አልሁት። ልጄ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከወንበሩ እስከ እህቴ ጉልበት ሁለት እርምጃ ሄደች። ይህን የሰማሁት ስመለስ ነው።

ትናንት ወደጀመርሁበት ቤት ተመለስሁ። ወጣቷ እናት ልጇን አዝላ ደጇ ላይ ድንች ትመርጣለች።

«አከም ቡልቴ?» አልኋት፤ እንዴት አደርሽ ማለቴ ነው።

«ፈየ። የትናንቱ አልበቃሽም?»

«በእኔ ጥፋት ተበላሸ። ውጭ አሳደርሁት፤ ውርጭ መታው።»

ትኩር ብላ አየችኝና ሳቀች። «ውጭ! እኛ ድንቹን እንኳ ደጅ አናሳድርም። አንቺ የልጄን ደም ታሳድሪያለሽ? ምን ተብለሽ ነው የተማርሽው?»

ጎንበስ ብዬ ከእግሯ ሥር የተንከባለለ ድንች አቀበልኋት።

«ልጅ የለሽም እንዴ?»

«አለችኝ። አሥራ አንድ ወሯ ነው።»

«የታለች?»

«አምቦ።»

ልጁ አለቀሰ። ከጀርባዋ አውርዳ ጡት ሰጠችው። እሱ ሲጠባ የእኔ ቀሚስ ጡቴ ላይ ረጠበ። በነጠላዬ ልሸፍነው ስል አየችኝ፤ ሳቋንም ተወች። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

«ዛሬ ሁሉም አጨዳ ላይ ነው፤ ነገ በጠዋት ነይ» አለችኝ። «ጎረቤቶቼንም እጠራልሻለሁ። ደሙ ግን ቤት ውስጥ ነው የሚቆየው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሄድሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ጠበቁኝ። ደሙን ቀድቼ ስጨርስ ቱቦዎቹን በጨርቅ ጠቀለልሁ፤ እንዳይበርዳቸው ጋቢዬ ውስጥ ከተትኋቸውና ደሙ እስኪረጋ ድረስ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ቤቷ ውስጥ ድንቹ አጠገብ ተቀመጥሁ።