ሰባተኛው ክፍል እስኪመጣ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ «እማ፣ የመጨረሻው ሊወጣ ነው!» አለችኝ። ስለ ፊልም ነው። ከመጽሐፍ የተወሰደ፣ አስማትና ዘንዶ የሞላበት፣ አንድ ክፍል አይተው ሌላውን ዓመት ሁለት ዓመት የሚጠብቁለት ታሪክ ነው። እሷና ጓደኞቿ ስለ እሱ የሚያወሩትን ያህል ስለ ፈተናቸው ቢያወሩ እኔ ሌላ ጸሎት ባላስፈለገኝ ነበር። «ካለቀ በኋላ ግን ምን እንጠብቃለን?» ብላ ገና ሳታየው ማዘን ጀመረች። ደስታዋን አይቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴን አዞርኩባት። ወጥ ላማስል ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

እኛም እንዲህ ያለ ፊልም ስንጠብቅ ያደግን ነን። የኛ ሲኒማ የኣያ ሓጎስ፣ በአማርኛ የጋሽ ሓጎስ እንደማለት፣ ቪዲዮ ቤት ነበር። መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ በሁለት ግንቦች መካከል ቆርቆሮ አልብሰው የሠሩት ጠባብ አዳራሽ ነው። አግዳሚዎቹ አሮጌ ጣውላ ስለሆኑ ሚስማራቸው ስንት ቀሚስ ቀዶብኛል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፤ ሲያባራ ደግሞ ቤቱ በእርጥብ ልብስና በበለስ ሽታ ይታፈናል። በለስ ደጃፉ ላይ ስለሚሸጥ ሰው ሁሉ እያላመጠ ነበር የሚገባው። ከሴት የምገባው እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ብቻ ነን፤ እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ሰለቻት።

ፊልሙን የሚያስተረጉምልን ሰዒድ ነበር። ሰዒድ ከእናቱ ከኣደይ ዘይነባ ጋር ከወሎ መጥቶ በእኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሰፈሩ ኣደይ፣ እማማ፣ የሚላቸው ዘይነባ ገበያ ላይ ቅመም ይሸጣሉ። እሱ ቀን ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ሲያመላልስ ይውልና አመሻሹ ላይ ፊቱን ታጥቦ ማይክሮፎን ይይዛል። ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት እስካሁን ያስቀኛል። ፊልሞቹ ከሥዕሉ ግርጌ የዐረብኛ ጽሑፍ ነበረባቸው፤ ኣያ ሓጎስ ደግሞ ሰዒድ ቁርኣን መቅራቱን ሰምተዋል። እውነትም ሰዒድ ፊደሉን እንደ ውሃ ያነበዋል። ትርጉሙን በማወቅ ግን እሱና እኔ እኩል ነበርን። ስለዚህ ሥዕሉን እያየ፣ የሰዎቹን ፊት እያነበበ፣ የመሰለውን በሚያምር የወሎ አማርኛ ያወርደዋል። አልፎ አልፎ ትግርኛ ሲቀላቅልበት ሐ እና ዐ ላይ ጉሮሮው እምቢ ስለሚለው አዳራሹ በአንድ ድምፅ ያርመዋል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ያን ጊዜ የምንከታተለው ታሪክ ሰባት ክፍል እንዳለው ተነግሮናል። ጥላዋን የተቀማች አንዲት ልጅ፣ ከደመና በላይ በተሠራ ከተማ የምትነግሥ ጨካኝ ንግሥት፣ ልጅቷን ጀርባው ላይ ጭኖ የሚበር ክንፋም በሬ አሉበት። በመጀመሪያው ክፍል ሰዒድ «ጥላዋን ወሰዱባት» ሲል ከተመልካቹ ግማሹ የዝናብ ጥላ መሰለው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ፣ «ለአንድ ጥላ ይህ ሁሉ ጦርነት! ሌላ አይገዙላትም እንዴ?» እያሉ ሲበሳጩ ኖሩ።

ስድስተኛው ክፍል ሲደርስ እኔ ኮሌጅ ገብቼ የፊልሙ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ይገባኝ ጀምሯል። ፊልሙ አልቆ ወደ ቤት ስንሄድ፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ እኔ እውነተኛውን ንግግር እነግረዋለሁ፣ እሱ ይከራከረኛል።

«ንግሥቲቱ እንዲያ አላለችም» እለዋለሁ።

«ታዲያ ምን አለች?»

«‹ከዓይኔ ጥፊ› ነው ያለቻት።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«‹ራት ሳትበዪ እንዳትሄጂ› አልክ!»

«ፊቷ ላይ ጸጸት አይቼ ነዋ!» ይላል ሰዒድ። «አንቺ በጆሮሽ ትሰሚያለሽ፣ እኔ ፊቷን አያለሁ።»

እወደው ነበር? አዎ። አሁን ባለትዳርና የልጅ እናት ሆኜ ስጽፈው አላፍርበትም። ግን እናቴ ጽዋ ማኅበር የማታስታጉል፣ እናቱ ሶላት የማያሳልፉ ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ተዋደው በአንድ ግቢ የሚኖሩበትን ሰላም ማን ይነካል? እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልተናገርኩ።

ስድስተኛው ክፍል የሚያልቀው ልጅቷ ጥላዋን ልታስመልስ ወደ ንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ገብታ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ነው። ሰዉ ሁሉ ኣያ ሓጎስ ላይ ጮኸባቸው፣ እሳቸው የቆረጡት ይመስል። በዚያው ዕለት በመንገድ ላይ ሰዒድ «ልሄድ ነው» አለኝ።

የት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሰፈሩ ወጣት የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ በጀልባ የመን ተሻግሮ፣ ከዚያ ሳዑዲ ለመግባት ይሄድ ነበር። የሄደውን እንቆጥር ነበር እንጂ ስለደረሰው እርግጠኛ አልነበርንም።

«ከማን ጋር?»

«ከክብሮም ጋር። ደላላውን እሱ ነው ያገኘው።» ክብሮም የጎረቤታችን የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው።

«መቼ?»

«ሰባተኛውን ሳላይማ አልሄድም» አለ እየሳቀ። «በሩ ተዘግቶ ጥዬ ልሂድ?»

ቀልዱን ነው ብትሉ እኔም ቀልዱን መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሌላ የምይዘው ስለሌለኝ እሱኑ ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኞቴ ሁሉ ሰባተኛው ክፍል እንዳይመጣ ሆነ። ጓደኞቼ «መቼ ይሆን የሚደርስልን» ሲሉ እኔ በሆዴ «አይድረስ» እላለሁ። ፊልሙ ውጭ አገር ከታየ ሰንብቷል። ከሲኒማ አዳራሽ በድብቅ የተቀዳ አንድ ሲዲ ከተማው ውስጥ መዞር ጀምሮም ነበር፤ የሰዎች ጭንቅላት እየተነሣ ስክሪኑን የሚሸፍንበት ዓይነት ነው። ኣያ ሓጎስ ግን ለስማቸው የሚጠነቀቁ ሰው ስለሆኑ፣ «እኔ ፊልም ነው እንጂ ጭንቅላት አላሳይም፤ ጥሩው ይምጣ» አሉ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ሥላሴ ሄጄም ለመንኩ። በዚያ ደብር ፊልም እንዲዘገይ የተሳለ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ፊት ለፊትም ሞከርኩ። አንድ ቀን ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ጠፍቶ፣ ጄሪካን ይዘን ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ «ቅር» አልኩት።

«ምን ይዤ?»

«ሥራህን። እናትህን።»

«ሲሚንቶ ለትከሻዬ እንጂ ለእናቴ ምን ይሆናታል?» አለ። ከዚያ አየኝ፤ ሌላ ነገር እንድጨምር የጠበቀ መሰለኝ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰና ጄሪካኑን አንሥቶልኝ ሄድን።

እናቱም አልቻሉትም። «ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ ደጁ ላይ ተኝቼ በላዬ ተሻግረህ ሂድ አልኩት» ይሉ ነበር ለእናቴ። «ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። የሳመኝን ልጅ ምን ላድርገው?» እናቴም «ዋይ ኣነ! ወይኔ!» እያለች አብራቸው ትቀመጥ ነበር።

ጥሩው ሲዲ ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ልትፈታ ጥቂት ሲቀራት መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደሚታይ ኣያ ሓጎስ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፈው በር ላይ አቆሙ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በሩ ላይ ተደርቧል። ሲዲው ገና ሲጀምር መንተባተብ ጀመረ፤ ክንፋሙ በሬ አየር ላይ ደርቆ ቀረ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ኣያ ሓጎስ ግን ከኪሳቸው የጥርስ ሳሙና አውጥተው ቀቡት፣ በጋቢያቸው ጫፍ አሻሹት፣ በሬውም መብረር ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። ሰው ሲያጉረመርም እኔ በጨለማ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ከጎን ካለው ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ተጎትቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሚበላሽ ነገር አልቀረም።

ሰዒድ ያን ቀን እንደ ወትሮው ጀመረ። በሩ ተከፍቶ ልጅቷ ጥላዋን ግድግዳው ላይ ታስሮ ስታየው ግን ድምፁ ጠፋ። አዳራሹ ጠበቀ፣ ከዚያ «ሰዒድ፣ ተዛረብ እንዶ! ተናገር እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ፣ እኔም ልየው» አለ በማይክሮፎኑ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከኋላው ተቀምጬ ጀርባውን ነበር የማየው። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ማንም ሳያስተረጉም አየነው። ልጅቷ ምን እንደሆነች ልነግራችሁ አልችልም፣ ስክሪኑን አላየሁትምና። ሰው ሲያጨበጭብ ብቻ ማለቁን አወቅሁ።

ደጅ ስንወጣ በለስ ገዛና ልጦ ሰጠኝ። እሾኩ እጁ ላይ ሲገባ በጥርሱ ነቀለው። «አየነው በቃ» አለኝ። እኔም «አየነው» አልኩ። ሰኞ ጠዋት ኣደይ ዘይነባ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ የሰዒድ ፍራሽ ከኋላቸው ተጠቅልሎ ቆሟል።

መስቀል አልፎ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የማዕዘኑ ባለሱቅ እየሮጠ መጣ። ስልክ ያለው እሱ ጋ ነው። «ኣደይ ዘይነባ! ከየመን ነው! ቶሎ!» አለ። እሳቸው ነጠላቸው ከትከሻቸው እየወደቀ ሮጡ፣ እኔም ተከተልኩ። እጀታውን እኔ ያዝኩላቸውና ጆሮዬን ከጆሯቸው አጠገብ አደረግሁ። የክብሮም ድምፅ ነበር፤ ነፋስ ውስጥ እንደቆመ ሰው ይጮሃል።

«ኣደይ፣ ክብሮም እየ! ኣነ ሰጊረ! እኔ ተሻግሬአለሁ! ሰዒድ ተሪፉ!»

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

«ተረፈ!» አሉ ኣደይ ዘይነባ። «አልሐምዱ ሊላህ! ልጄ ተረፈ!» ተንበርክከው መሬት ሳሙ፣ ተነሥተው እኔን አቀፉኝ፣ ባለሱቁን አቀፉት።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። በአማርኛ ተረፈ ማለት ዳነ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ትግርኛ ግን ተሪፉ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ቀረ ማለት ነው። ሰርግ ቢሰረዝ ተሪፉ ይባላል፣ እንግዳ ሳይመጣ ቢቀር ተሪፉ ይባላል፣ ሰው ከመንገደኛ ተለይቶ ወደ ኋላ ቢቀር ተሪፉ ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ ከሞት ለዳነም ይባላል። ክብሮም የትኛውን ማለቱ ነው? ከቀረስ የት ቀረ? ወደቡ ላይ ተኝቶ? በረሓው ውስጥ? ባሕሩ ላይ? ባለሱቁ በኣደይ ዘይነባ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም የትግርኛውን ነበር የሰማነው። ምን እንበላቸው? የማናውቀውን ሞት እንንገራቸው? ዝም ብለን ቆምን።

ደጋግመን ስልኩን ጠበቅን፣ አልጮኸም። የክብሮምም ድምፅ ከዚያ በኋላ አልተሰማም፤ አባቱ ዳቦ ቤቱን ዘግተው ከተመላሾች ልጃቸውን ሲያፈላልጉ ብዙ ተንከራተቱ። ኣደይ ዘይነባ ግን ሩዝ በሥጋ ሠርተው ሰደቃ አወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ለልቅሶ የተዘጋጀ ፊት ይዞ «እንኳን ደስ ያለዎት» ማለት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። እናቴ አንገቷን ደፍታ በላች፤ ቤት ስንገባ በሩን ዘግታ አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አልቻልኩም። የሞተ ከሌለ ለማን ይለቀሳል?

ኣደይ ዘይነባ ዓመታት ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ደሴ ወርጄ ሳለ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄጄ ፈለግኋቸው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አርጅተዋል፣ ግን በድምፄ አወቁኝ። ብዙ አወራን፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ልጄ። ልሰናበት ስል ያን ሁሉ ዘመን ሆዴ ውስጥ የቆየው አላስወጣኝ አለ።

«ኣደይ፣ ያን ቀን ክብሮም በስልክ ያለው...» ብዬ ጀመርኩ፣ መጨረስ ግን አቃተኝ።

«ጓለይ» አሉኝ፣ እጄን ይዘው፣ በትግርኛ፣ «ልጄ» ሲሉ። ከዚያ ወደ አማርኛቸው ተመለሱ። «ያንን ሁሉ ዘመን መቐለ ገበያ ላይ በምን ቋንቋ የሸጥኩ መሰለሽ? ደንበኛዬ ሳትመጣ ስትቀር ‹ሎሚ ተሪፋ፣ ዛሬ ቀረች› የምል እኔ አልነበርኩም?»

«ታዲያ...»

«ታዲያማ ልጁ አንዲት ቃል ሰጥቶኝ ስልኩ ጠፋ። ከሁለቱ የምችላትን ወሰድኩ። አብሽሪ።»

አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እስከ ወልዲያ አለቀስኩ። ለካ እኛ እሳቸውን እንጠብቃለን ብለን ዝም ስንል፣ በዚያ ሰደቃ ላይ እሳቸው ሁላችንንም እያዩ ሩዝ ይጨምሩልን ነበር።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ያንን የመጨረሻ ክፍል ላሳያት ቃል ገብቻለሁ። ማለቁ እያሳዘናት እንኳ መጨረሻውን ለማወቅ ቀን ትቆጥራለች፤ እኔ ደግሞ እቀናባታለሁ። የሰዒድን መጨረሻ የሚነግረኝ ቢገኝ፣ ክፉም ቢሆን፣ እግሩ ላይ ወድቄ እሰማው ነበር። ኣደይ ዘይነባ አንዱን ቃል መርጠው ኖሩበት። እኔ ሁለቱም ቋንቋዬ ነው፤ በአንዱ ቀኑን ሙሉ ተስፋ አደርጋለሁ፣ በሌላው አለቅሳለሁ፣ አንዳቸውም እንዲተዉኝ ማድረግ አልቻልኩም።