በስክሪኑ መሃል የቀረችው ነጥብ

ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ቤቴ ያለው አሮጌ ስታቢላይዘር አጉረመረመና የጋለ አቧራ ሽታ ለቀቀ። ሰው ወጣትነቱን በአበባ ሽታ ያስታውሳል ይባላል። የእኔን የሚያመጣልኝ የተቃጠለ ትራንዚስተር ነው፤ ይዞት የሚመጣውም ፍቅርን ሳይሆን ቅናትን ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ቤተሰቤ በድርቅ ምክንያት ከወሎ ከመጣ በኋላ፣ ነቀምቴ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ፣ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ እማር ነበር። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረውበታል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር የነበረን አንድ ብቻ ነው። የአለቃችን ዓይን እየደከመ ስለነበር፣ ቴስተሩን የሚይዘው ሰው ነገ ሱቁንም እንደሚይዝ ሳይነገረን እናውቅ ነበር። ሁለት ዓመት በእኔ እጅ ቆየ። ከዚያ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለችው ሲሬ አንድ ልጅ መጣ፤ የሲሬው እንለው ነበር።

እኩያዬ ነበር፤ ቸርቻቸው ውስጥ ጊታር የሚመታ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ጠዋት ሲገባ "አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ" ይለኛል። እንዴት አደርክ ማለቱን እችለዋለሁ፤ ወንድሜ ማለቱ ግን ያናድደኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ጉራጌው የሻይ ቤት ባለቤት አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ቁም ሣጥን የሚያህል የጨዋታ ማሽን ገዛ። ጥቁሩ መስታወት ላይ በብርሃን መስመር የተሳሉ ሦስት ማዕዘኖች እየተሳደዱ ይተኳኮሳሉ። ከተማው ተሰልፎ ሲጫወትበት ከረመና በሦስተኛው ሳምንት ስክሪኑ ጨለመ።

"ሰዉ ሻይ የሚጠጣው ለሱ ብሎ ነው" አለን ባለቤቱ። "የእኔን ሻይማ ታውቁታላችሁ።"

ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ሁለት ትልልቅ ትራንዚስተሮች ተቃጥለው አገኘሁና ቀየርኳቸው። በሳምንቱ ተቃጠሉ። ደግሜ ቀየርኩ፤ ደግመው ተቃጠሉ። የሲሬው አንድ ሙሉ ቀን ከማሽኑ ጀርባ ቁጭ ብሎ ምንም ሳይነካ ሲያይ ዋለ። ማታ ላይ ለአለቃችን እንዲህ አለው፦

"ጋሼ፣ ይሄ ቴሌቪዥን አይደለም። ቴሌቪዥን እንደ በሬ መሬቱን ከዳር እዳር እያረሰ ነው ሥዕል የሚያወጣው። ይሄኛው እግረኛ ነው፤ ብርሃኑ መስመሩ ባለበት ብቻ ነው የሚሄደው። ትራንዚስተሮቹ እሱን ሲያስሮጡ ይግላሉ።"

እኔ ሁለት ወር እንደ በሬ ሳርስ ነበር የከረምኩት። እሱ የብረት ድስት ቂጥ ቆርጦ ትራንዚስተሮቹን እላዩ ላይ አሰረ፤ ሙቀቱን ድስቱ ጠጣው። ከዚያ ከሬዲዮ ሬሳ በለቃቀመው ዕቃ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ሠርቶ ጨመረ። የከተማው መብራት ሲዋዥቅ ብርሃኑ መንገድ ላይ ከቆመ፣ መስታወቱን እንዳያቃጥል ወዲያው የምታጠፋው ዘበኛ ነበረች። ማሽኑን የሠራው ሰው እንኳ ያላሰባትን ነገር፣ የሲሬ ልጅ፣ በድስት ቂጥ።

አለቃችን ቴስተሩን ከጠረጴዛዬ አንስቶ ለሱ ሰጠው። ምነው በሰደበኝ ኖሮ።

ቅናት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ እንደሆነ በቀበሌው የውይይት ክበብ ተምሬአለሁ። እሑድ እሑድ ሂስና ግለ ሂስ ነበረን፤ ተነስቼ ስላረፈድኩበት ስብሰባ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስላላነበብኩት ጋዜጣ ራሴን እከስስ ነበር። እዚያ ሰው ጥፋቱን የሚናዘዘው ዋናውን ለመደበቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ የማሽኑን አቧራ እንድጠርግ ተላክሁ። የዘበኛዋን ሽቦ በጉጠት ቆረጥኩት። ትርፍ ነገር ናት አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነበር፤ የእሱ እጅ ሲሳሳት ማየት ፈልጌ ነው። በማግስቱ መብራቱ ዋዠቀ። ብርሃኑ መስታወቱ መሃል ቆመ፤ የሚያጠፋውም አልነበረም። ሰው ሮጦ ሶኬቱን እስኪነቅል የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ ተቃጥላ ቀረች። እንዲህ ያለ መስታወት በአገሩ አይገኝም።

የሲሬው የማሽኑን ጀርባ ከፈተና ጎንበስ አለ። የተቆረጠውን ሽቦ በጣቶቹ ሲይዘው አየሁ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ያንተ ሥራ ነው?" አለው አለቃችን።

"ኤዬ፣ የእኔ ነው። ብየዳዬ ለቆ ነው።"

ማታ ቴስተሩ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለሰ። የሲሬው ተባርሮ ጊታሩን ይዞ ሲወጣ መንገድ ላይ ደረስኩበትና ለምን እንደዋሸልኝ ጠየቅሁት።

"ጉጠትህ አፉ ላይ ሸራፋ ነው፣ ቆረጣው ይታወቃል" አለኝ፣ ስለ ሌላ ሰው ጉጠት እንደሚያወራ። "እኔ የአባቴ ማሳ ሲሬ አለ። እናንተ ከወሎ የመጣችሁት ምን አላችሁ? ከዚህ ሱቅ ብትባረር ወዴት ትሄዳለህ?"

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በኋላ ሱቁ ለእኔ ቢተላለፍም ዓመት ሳልይዘው ትቼው ወጣሁና ጸሐፊ ሆንኩ፤ ወረቀት ላይ መጻፍ ሽቦ አይጠይቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሲሬ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የሬዲዮ ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ከደንበኞቹ ጋር ያወራል። አወቅሁት። ወርጄ "ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" የሚሉ ሦስት ቃላት ብናገር ይበቃኝ ነበር፤ ጊዜም ነበረኝ፤ ሾፌሩ ምሳውን እየበላ ነበር። አልወረድኩም። አንዱ ደንበኛ የሆነ ነገር ሲለው የሲሬው ራሱን ወደኋላ ጥሎ ሳቀ፤ ሳቁ በመስኮቱ ገባ። ምንም የሚደብቀው የሌለው ሰው ሳቅ ነበር። ቀናሁበት።