ደጋሚዋ ዝም እንዳትል

ዴልበርት ክራምሊ ሠላሳ አራት ዓመት የኖረው ለአንድ ምሰሶ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ምሰሶው አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ከአንዲት ከተማ ወጣ ብሎ፣ የግጦሽ መስክ መሃል የቆመ የአንዲት ትንሽ የኤኤም ሬዲዮ ጣቢያ ምሰሶ ነው። ዴልበርት ጠዋት ጠዋት የከብት ዋጋና የሞቱ ሰዎችን ስም ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ መፍቻውን ይዞ ማሰራጫውን ይጠግናል። ሚስቱ ግሌንዳ በሕይወት ሳለች፣ «አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ብረት ቀና ብለህ ብታየኝ ምን ነበረበት?» ትለው ነበር። እየቀለደች ትሁን እያመረረች፣ እስክትሞት ድረስ አልጠየቃትም።

ከስድስት ዓመት በፊት የጣቢያው ባለቤት ሚስ ዋንዳ ደጋሚ አስተከሉ። ደጋሚዋ ኤኤሙ የተናገረውን ተቀብላ በኤፍኤም የምትደግም ትንሽ ዕቃ ናት። የከተማው ሰው በጥራቷ ተማረከና ዓመት ሳይሞላ ኤኤሙን ረሳው። ነገር ግን ደጋሚዋ የራሷ ቃል የላትም፤ ኤኤሙ ዝም ካለ እሷም ዝም እንድትል ሕጉ ያዛል። ዴልበርት ይህን ስንቴ እንዳስረዳ እሱ ያውቃል። የገባው ሰው ግን አልተገኘም።

በመጋቢት የከተማዋ ሴት ልጆች የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ለክፍለ ግዛቱ ግማሽ ፍጻሜ አለፈ። ጨዋታው ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ቦታው ደግሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። መሄድ ያልቻለ ሁሉ በሬዲዮ ሊከታተል አስቧል። በዚያው ሳምንት ሰኞ ኤኤሙ ጠፋ። ዴልበርት አስነሳው፣ ጠፋ። ደግሞ አስነሳው፣ ደግሞ ጠፋ። ኤኤሙ በጠፋ ቁጥር ዴልበርት ደጋሚዋን ይዘጋል፤ እሷን በዘጋ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል።

«ዴልበርት፣ ምን ነክቶህ ነው ሬዲዮውን የምትዘጋብን?» አሉት የቤተ ክርስቲያኗ ፒያኖ ተጫዋች ሚስ ኦፓል።

«ኤኤሙ ተበላሽቶ ነው።»

«የምን ኤኤም? እኔ የምሰማው ኤፍኤም ነው!»

«እሷ እኮ ቃሏን የምትቀበለው ከኤኤሙ ነው፣ ሚስ ኦፓል።»

«እንግዲያው ከሌላ ትቀበላ!» ብለው ዘጉበት።

ሚስ ዋንዳም መጡ። «ደጋሚዋን ብቻዋን ብንከፍታትስ? ማን ያውቅብናል?»

«እኔ አውቃለሁ። የስርጭት መዝገቡ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ! ይህ ሁሉ ልጅ ሊጫወት፣ አንተ ስለ ፊርማ ታወራለህ።»

ማክሰኞና ረቡዕ በማሰራጫው ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ዋለ። ያልፈታው ብሎን፣ ያልቀየረው ፊውዝ የለም። ሲገባና ሲወጣ ጫማው ላይ የሚጣበቀውን ጭቃ ይራገማል፤ ያ ሁሉ ጭቃ በድንገት ከየት እንደመጣ ግን አንዴም አላሰበም።

ሐሙስ ጠዋት ኃይሉን በጣም ዝቅ ሲያደርገው ኤኤሙ ሳይጠፋ ቆየለት። ዴልበርት ወደ ስቱዲዮ ሮጦ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀርበውን፣ ሰው ዕቃውን በስልክ የሚሸጥበትን ፕሮግራም ከፈተ። መጀመሪያ ወደ ፕሮግራሙ የደወለው ለሮይ ፔልፍሪ የሚባለው ሰው ነበር፤ የምሰሶውን መስክ ከሚስ ዋንዳ ተከራይቶ ከብት የሚያሰማራው ነው።

«ምን ይዘሃል ለሮይ?»

«መዳብ። ንጹሕ የመዳብ ሽቦ፣ ፒካፕ ሙሉ።»

«ይህን ሁሉ መዳብ ከየት አመጣኸው?»

«ሰኞ አዲስ ሣር ልዘራ መስኩን ሳርስ ከመሬት ወጣ። ማረሻዬ ላይ እየተጠመጠመ እንዴት አድርጎ እንዳሰቃየኝ!»

ነገሩ ያኔ ለዴልበርት ተገለጠለት። ከምሰሶው ሥር እንደ ፀሐይ ጨረር በዙሪያው ተዘርግተው የተቀበሩ መቶ ሃያ ሽቦዎች አሉ፤ ያለ እነሱ ኤኤሙ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። ሦስት ቀን ሙሉ የታረሰውን መሬት ሳያስተውል ረግጦ አልፏል።

«ለሮይ፣ አይሸጥም! እሱ እኮ የእኛ...»

በዚህ መሃል ኤኤሙ ጠፋ። ዴልበርት እየተሳደበ ደጋሚዋን ዘጋ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«መዳቡ አልተሸጠም አይደል?» አለ አንድ ሰው።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱ መስኩ ላይ ተገናኙ። ለሮይ ሽቦውን ቆራርጦ በጥቅል በጥቅል አስሮታል።

«ውሉ ላይ እንዳታርስ ይላል እኮ!»

«በጥልቀት እንዳታርስ ነው የሚለው። እኔ በጥልቀት አረስኩ?»

«ሽቦው የወጣው ታዲያ ራሱ ለሽርሽር ነው?»

«ስድሳ ዓመት ሲቀበር አንድ ምልክት አይደረግም? አንተስ ጠባቂ ነኝ ትላለህ፣ ትናንት ስታልፍ እጄን ሳወዛውዝልህ ቀና ብለህ መች አየኸኝ?»

ዴልበርት ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ጥቅል ፈታ። እስኪመሽ፣ በማግስቱም ከማለዳ ጀምሮ ሽቦውን እያስተካከሉ መሬቱ ላይ ዘረጉት፤ ለሮይ ይጎትታል፣ ዴልበርት ይበይዳል። ጣቱ ሁለት ቦታ ተቃጠለ። ለሮይ ደግሞ ስለ ወገቡ ማውራቱን አላቆመም።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ማሰራጫውን ከፈተ። የኃይል መለኪያው መርፌ ወደ ላይ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ኃይሉን ጨመረ። አልወደቀም። ያኔ ደጋሚዋን ከፈተ፤ ጨዋታውን ልታስተላልፍ የሄደችው የሒሳብ መምህርት የተሰላፊዎቹን ስም ስትጠራ ተሰማ።

ለሮይ ከአዲሱ ፒካፑ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ይኸው! ጥርት ብላ ትሰማለች!»

«እስኪ ኤኤሙ ላይ አድርገው። ያንን ሁሉ የለፋነው ለእሱ ነው።»

ለሮይ የሬዲዮውን ሰሌዳ ደጋግሞ ነካካው። «ይሄኛው መኪና ኤኤም የለውም መሰለኝ።»

ዴልበርት ወደ ራሱ አሮጌ መኪና ሄዶ በሩን ዘጋና ኤኤሙን ከፈተ። እየተንኮሻኮሸ የመምህርቷ ድምፅ መጣለት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥብ ያስቆጠሩት የከተማቸው ልጆች ናቸው። የተቃጠለ ጣቱን እየነፋ ሲያዳምጥ ለሮይ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ።

«ስማኝማ፣ ከጨዋታው በኋላ የተረፈው መዳብ...»

«ለሮይ!»

«እሺ፣ እሺ። ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»